ቲማቲሟ ስትጮኽ

ሥራዬ መጮኽ ነው። ስታዲየሙ አናት ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ማይክሮፎን አፌ ሥር ደቅኜ፣ ኳስ ወደ ጎል በቀረበች ቁጥር አገር ምድሩን በጩኸት የማቀልጠው እኔ ነኝ። ሰዎች "መጀመሪያ ያስተላለፍሽው ውድድር የትኛው ነበር?" ሲሉኝ አንድ የታወቀ የፍጻሜ ጨዋታ ጠርቼ እገላገላለሁ። እውነቱን ካወራን ግን የመጀመሪያው ውድድሬ ኳስም ሜዳም አልነበረውም። የተካሄደው ደረጃ ላይ ነው። ተወዳዳሪዋ አክስቴ፣ አሰልጣኟ ደግሞ እናቴ ነበሩ። ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የገባኝ እንደዚያ ነበር፤ አንዴ የገባኝን ነገር ደግሞ ማንም ከእጄ ሊያስጥለኝ አይችልም።

ቤት ውስጥ ስሜ "ሬዲዮ" ነው። ዓይኔን ከገለጥኩ ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ እዘግባለሁ። "አባባ ጫማውን አንስቷል፣ ግራውን አጥልቋል፣ ቀኙ ግን የት ገባ? ጉድ ፈላ!" አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ "የዚህች ልጅ ማጥፊያዋ የት ጋ ነው?" ይላል። "ተዋት እንጂ፣ ዜናው መቼ አለቀ!" የምትለው አክስቴ ብቻ ነበረች። ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳ ብወዳት የሚፈርድብኝ የለም።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ቀድማ ስላለፈች እናቴን አጥባ፣ አብልታ፣ አስተምራ ለወግ ያበቃቻት እሷ ነች። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ያውም የቲያትር ልብስ ሰፊ። የንጉሡንም ካባ፣ የለማኙንም ቡትቶ እኩል አሳምራ ትሰፋለች። ጉልበቷና የጣቶቿ መገጣጠሚያ ማበጥ ሲጀምሩ ግን መጀመሪያ መቀሱ፣ ቀጥሎ መርፌው፣ በመጨረሻም የስፌት ቤቱ ደረጃ እምቢ አላት። ሐኪሞቹ ለሕመሟ ስም ሰጡት፣ ማስታገሻም ሰጡት፤ ከሥሩ የሚነቅለውን ግን እነሱም አላገኙትም። ያኔ ነው ሻንጣዋን ይዛ እኛ ቤት የመጣችውና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል መተኛት የጀመረችው።

እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሕመማቸው አብሯቸው የሚኖር ሰዎችን ታማክራለች፤ መርፌ አትወጋም፣ ክኒን አትሰጥም፣ ትጠይቃለች፣ ታዳምጣለች፣ አብራ ታቅዳለች። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው ክሊኒኩ እየታደሰ ስለነበር ሰዎቿ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ይመጡ እንደነበር ብቻ ነው። አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ወገቡ እንቅልፍ ነስቶታል፣ ሳቅ ግን አልነሳውም። ሌላዋ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ራሷን የሚፈልጣት ብርሃን ስለሆነ ጥቁር መነጽር አድርጋ መጋረጃው ጥግ ትቀመጣለች፤ "ጥላዬ" የሚል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሦስተኛዋ አክስቴ ነበረች።

እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ የተወለደው። እናቴ በሌላው ቀን አክስቴን "እታለም" ብላ፣ አንቺ ብላ ነው የምታዋራት። ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ያቺው አክስቴ ከእኔ ክፍል ወጥታ ሳሎን ስትገባ፣ እናቴ ብድግ ብላ "ደህና ዋሉ? ይግቡ፣ ይቀመጡ" ትላታለች። እርስዎ! የገዛ እህቷን! አክስቴም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየዋጠች "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። የቅርብ ዘመድን ማማከር በሙያዋ እንደማይወደድ፣ አክስቴ ግን ወደ ሌላ አማካሪ አልሄድም ብላ ስላስቸገረች የተገኘ መላ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። እኔ ግን ያኔ ሌላ ምክንያት ሰጠሁት፦ አሰልጣኝ ለዘመዱ አያዳላም!

ከዚያ እናቴ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። "በዚህ ሳምንት ሕመሙ ምን ከለከልዎት? እርስዎስ በተራዎ ምን ከለከሉት?"

"ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እንዳላስር ከለከለኝ" አለ ሹፌሩ አንድ ቀን። "እኔም ማሰሪያ የሌለው ጫማ አደረግኩና ጉድ ሠራሁት።" ሁሉም ሳቁ፣ አጨበጨቡለትም። ለጫማ የሚጨበጨብበት ቤት አይቼ አላውቅም። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ይህ ያለ ነገር አይደለም አልኩ።

ቀጥሎ ወደ ሕንፃችን ደረጃ ይወጣሉ። እናቴ ኩሽና ውስጥ ምግብ እንዳያርርባት የምትሞላትን፣ ቲማቲም የምትመስለውን ቀይ የሰዓት ደወል ይዛ ትከተላለች። በየማረፊያው ወንበሮች ተደርድረዋል። መውጣት ይጀምራሉ፤ ቲማቲሟ ጭርርር ስትል ሁሉም ቅርብ ባለው ወንበር ይቀመጣሉ። ደግማ ስትጮኽ ይነሳሉ። እኔ የእንጨት ማማሰያ እንደ ማይክሮፎን ይዤ ከላይ ቆሜ አስተላልፋለሁ። "ሹፌሩ ማርሽ ቀይሯል! ጥላዬ በግድግዳው በኩል እየመጣች ነው! አክስቴ ትመራለች፣ አክስቴ..." ጭርርር። ተቀመጡ። ይኼኔ እርር ድብን እላለሁ። ገና ሳይደክማቸው! ፊታቸው ላብ እንኳ ሳያወጣ!

አክስቴም እንደ እኔ ነበረች። ደወሉ ሲጮኽ አንድ ደረጃ ሰርቃ ትወጣለች፤ ከዚያም ወንበሩ ላይ በቂጧ ጫፍ ብቻ ጠጋ ትላለች፣ ልክ የማትፈልገው ሰው ቤት እንግድነት እንደሄደች።

"ይደገፉ እንጂ" ትላታለች እናቴ።

"አልደከመኝም እኮ።"

"ለዚያ ነው የምንቀመጠው። ሳይደክመን።"

"ጋሼ ሹፌር፣ እንዲህ እየተቀመጣችሁ መቼ ልታሸንፉ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አይ ሬዲዮ" አለኝ ወገቡን እያሸ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም? ሌላው ሰው ተረቱን ይተርታል። እኔን የቸገረኝ እንቁላሉ መሆኔ ነው።"

ውድድር መሆኑን በእርግጠኝነት ያወቅኩት አክስቴ ራሷ ስትናገር ነው። "በወሩ መጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ መድረስ አለብኝ። ሰውዬው ራሱ ቆሞ ሊያየኝ ነው። ካልቻልኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል" አለች። ሦስተኛ ፎቅ! ቆሞ የሚያይ ዳኛ! ቦታዋን የሚቀማ ተፎካካሪ! ሌላ ምን ቀረ? በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች በሙሉ አክስቴ በደረጃ መውጣት ሻምፒዮና እንደምትወዳደር አወጅኩ። እውነቱ ግን ከዚያ የከበደ ነበር። የስፌት ቤቱ ኃላፊ ማሽኗን ሳይነካ ቢያቆይላትም ሥራው በዝቶበታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ወጥታ መሥራት እንደምትችል ካላሳየችው ማሽኑ ለሌላ ሰፊ ሊሰጥ ነው። አክስቴ ደግሞ ያለ ማሽኗ ማን እንደሆነች አታውቅም ነበር።

ከዚያ ያቺ ጠዋት መጣች። እናቴ ሥራ ሄዳለች፣ እኔ ትምህርት የለኝም። ስነቃ የአክስቴ አልጋ ባዶ ነው፤ ከሳሎን ዘፈን ይሰማል።

"ሬዲዮ! ነይ እዪኝ!" ጣቶቿን ዘረጋች፣ ጨበጠች፣ ደግማ ዘረጋች። "ምንም! ቅንጣት ታህል አላመመኝም! አዲስ ሰው ሆኜ ነው የተነሳሁት!"

እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። አክስቴ መጋረጃዎቹን አወረደች፣ አጠበች፣ ጨምቃ ሰቀለች። መስኮቶቹን ወልውላ እንደሌሉ አደረገቻቸው። ሶፋውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ገፋችው። እኔ ማማሰያዬን ይዤ ከኋላ ከኋላዋ እየሮጥኩ አስተላልፋለሁ። ኋላ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና ወደ ደረጃው አየች።

"እንውጣ?"

"ቲማቲሟስ?"

"ቲማቲም ለሰላጣ ነው!"

ወጣን! እስከ ሰገነቱ ድረስ፣ ሳናርፍ፣ ወንበሮቹን እያለፍን! ወረድን፣ ደግመን ወጣን! ጉንጯ ቀልቷል፣ ትስቃለች፣ ፀጉሯ ተፈቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። ዛሬም ድረስ፣ ያወቅኩትን ሁሉ አውቄም ቢሆን፣ ያችን ጠዋት ትቅር ለማለት አንጀቴ አይችልም።

ሳይመሽ እናቴ መጣች። እርጥቦቹን መጋረጃዎች አየች፣ ሶፋውን አየች፣ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ።

"እታለም፣ ምን አደረግሽ?"

"ዳንኩ! እዪኝ፣ ዳንኩልሽ!"

እናቴ አልሳቀችም። እዚያው በሩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለች በለሆሳስ።

"አንቺ ደግሞ! ትንሽ እንኳ ደስ አይልሽም?"

በእናቴ ተናደድኩ። ምን ዓይነት አሰልጣኝ ነው ተጫዋቹ ሲያሸንፍ ፊቱን የሚያጠቁር? በማግስቱ አክስቴ ከአልጋዋ መነሳት አልቻለችም። ጉልበቷ አብጦ የሌሊት ልብሷን ወጥሮታል፤ ጣቶቿ አልታጠፍ ስላሉ ሻይዋን በማንኪያ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ፍርዴንም እዚያው ሰጠሁ። እናቴ አሟርታባት ነው! በደህና ቀን ክፉ ተረት ተርታባት!

በዚህ በሽታ ውስጥ አደገኛው ቀን ደህናው ቀን መሆኑን ማን ይንገረኝ? እናቴ ያን የመሰለ ቀን ያገኙ፣ የቀረባቸውን ኑሮ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሊኖሩት የተንደረደሩና በማግስቱ የወደቁ ስንት ሰዎች አይታለች። ሳይደክማችሁ እረፉ የምትለው ለዚህ ነበር። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁት ቅናት የመሰለኝ ነገር ፍርሃት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የመኝታ ክፍላችን በር ገርበብ ብሏል። ድምፃቸውን ሰምቼ ጆሮዬን አቆምኩ።

"አንድ ጊዜ ብቻ" ትላለች አክስቴ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ይለቅሻል በዪኝ።"

"አልልሽም፣ እታለም።"

"በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ! ይቺን ታህል ቃል ትነፍጊኛለሽ?"

"ዛሬ ብዋሽሽ ነገ ማንን ታምኛለሽ?"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ደህና ጉልበት ይዘሽ!"

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

"አላውቅም" አለች። "ስለማላውቅ እኮ ነው የምጠይቅሽ። ንገሪኝ። መቀመጥ ምን ሆኖብሽ ነው?"

አክስቴ ስታለቅስ ሰማኋት። "እናታችን ስታልፍ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ አንቺ የት ትደርሺ ነበር? ሰው የሆንኩት ቆሜ ነው። ሰው እያየኝ ከምቀመጥ ሞቴን እመርጣለሁ።"

"እንግዲያው የከበደሽ ደረጃው አይደለማ።"

"አይደለም" አለች አክስቴ፣ እሷም አሁን ገና የሰማችው ይመስል። "ደረጃው አይደለም።"

እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የሄድኩት "አልልሽም" የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ ከሰማው ውስጥ የሚናደድበትን መርጦ ይወስዳል። የዚያን ቀን ማታ አክስቴን "አይዞሽ፣ በውድድሩ ቀን እኔ አለሁልሽ" አልኳት። ባበጠ እጇ ጉንጬን ዳሰሰችኝ፤ ምን ውድድር ብላ ግን አልጠየቀችኝም።

እብጠቱ ሲጎድል እንደገና ጀመሩ፤ ከአንዲት መወጣጫ፣ ከቲማቲሟ ጋር። አሁን አክስቴ ደረጃ መስረቅ ትታለች። ወንበሩን ትደገፋለች። እኔ ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ ማማሰያዬን ኩሽና መለስኩ።

ቀኑ ሲደርስ ግን መልሼ አነሳሁት። የስፌት ቤቱ ሕንፃ ሰፊ ደረጃና የብረት መደገፊያ አለው፤ ገና ከሥሩ የካውያ እንፋሎትና የማሽን ዘይት ይሸታል። ከላይ የማሽኖቹ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣል። ሹፌሩ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። ጥላዬ የምትታጠፍ ወንበር ይዛ ቀድማ ሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ዘረጋችልን። ቀና ብዬ ሳይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መለኪያ ሜትር አንገቱ ላይ የጣለ ሽማግሌ ቆሟል። ዳኛው! ውጤቱን በሜትር ሊለካ! ደስታዬ ከቁመቴ በላይ ሆነ።

"ውድድሩ ተጀመረ!" ብዬ ጮኽኩ። "አክስቴ የመጀመሪያውን ደረጃ ረግጣለች! ቀኝ እግር! ግራ! ምን ዓይነት አረጋገጥ ነው!" ሹፌሩ ከኋላ "መንገዱ ክፍት ነው፣ ንጂው!" ይላታል። የመጀመሪያውን ፎቅ በሥርዓቷ አርፋ አለፈች። ወደ ሁለተኛው ስንደርስ አንዲት ወጣት የከፈይ ጣቃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከሥራችን ብቅ አለች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች። ተፎካካሪዋ! ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

ጭርርር።

አንድ መወጣጫ ብቻ ቀርቷል። የአክስቴ እግር ቀጣዩ ደረጃ ላይ አርፏል። እናቴ ቲማቲሟን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከላይ የማሽኖቹ ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ፤ ሰፊዎቹ አክስቴን ለማየት መደገፊያው ላይ ተደርድረዋል። ወጣቷ ጎናችንን ገፋ አድርጋ "ይቅርታ" እያለች አለፈችን።

"ቀጥዪ!" አልኩ ድምፄ እስኪሰነጠቅ። "አክስቴ፣ ቀደመችሽ! ቀጥዪ!"

አክስቴ ወደ ላይ አየች። መደገፊያውን የያዘው እጇ ነጣ። ከዚያ እግሯን ከደረጃው መለሰችና ዞራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በጫፉ አልነበረም፤ ጀርባዋን ሙሉ በሙሉ አስደግፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እነዚያ ሁሉ ዓይኖች እያዩዋት።

ማማሰያው ከእጄ ወድቆ ደረጃ በደረጃ እየተንኳኳ ወረደ። አለቀልን አልኩ።

ሽማግሌው ጥቂት ደረጃዎች ወረደ። "ምን ሆንሽ? አቃተሽ?"

"አላቃተኝም፣ ጋሼ። ደወሉን እየጠበቅኩ ነው።"

"ሥራ ላይም እንዲህ ልትቀመጪ ነው?"

አክስቴ ውሸት ብትናገር እዚያች ደረጃ ላይ ሁሉ ነገር ያልቅላት ነበር፤ ማሽኗን በእጇ ባስገባች። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

"አዎ" አለች። "ሲጮኽ ከማሽኑ ተነስቼ አርፋለሁ፣ ሲጮኽ እመለሳለሁ። ሕመሜ ከእኔ ጋር ነው፤ አልዳንኩም። በእረፍቶቹ መሀል ግን ካባ እንደ እኔ የሚሰፋ ካለ ጥሩልኝና እኔም አይቼው ልሂድ።"

ከላይ አንዲት ሰፊ ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቀም። አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር እያፍተለተለ ቲማቲሟን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ እሷን አየ።

"ያ ደወል ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማል?"

"የሞተ ይቀሰቅሳል!" አለ ሹፌሩ ከታች።

"እንግዲያው ስትነሺ ማሽንሽን ወልውዪው፤ አቧራ በልቶታል። ወንበሩንም አታንሱት፣ እዚያው ይቀመጥ።" ይህን ብሎ ሰውዬው ወደ ላይ ተመለሰ።

ወንበሩ ዓመታት እዚያው ቆየ። ጨርቁ ሲያልቅ አክስቴ ከንጉሥ ካባ በተረፈ ቀይ ከፈይ አለበሰችው፤ እሷ ብቻ ሳትሆን ጣቃ ተሸካሚዋ ወጣትም ኋላ እርጉዝ ስትሆን ተቀምጣበታለች። ሕመሙ አክስቴን ለቋት አያውቅም። ዛሬም እደውልላትና "ምን ከለከለሽ?" እላታለሁ፤ "ብዙ" ትለኛለች፣ ከዚያ እሷ የከለከለችውን ስትዘረዝርልኝ ስልኬ ይግላል። ስርጭት ላይ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ቁጭ ሲልና ተመልካቹ ሲጮኽበት እኔ ብቻ ዝም የምልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ አለቃዬ ግን እስካሁን አልገባውም።

ያን ቀን ግን እኔም ምንም አልገባኝም ነበር። ቲማቲሟ ደግማ ስትጮኽ አክስቴ ተነሳች፣ የቀረውን መወጣጫ ወጣች፣ እኔ እንባና ንፍጤን እየጠረግኩ ተከተልኳት። መስኮቱ ሥር ካለው ማሽኗ ፊት ቆማ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

"አይዞሽ አክስቴ" አልኳት እየተንሰቀሰቅኩ። "ለሚቀጥለው እናሸንፋለን።"

አልሰማችኝም። ፊቷን አዙራ በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን ነበር የምታየው። መጋረጃ ባጠበች ዕለት ያየሁት ፊቷ ተመልሶ መጥቷል፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ዓይኖቿ ያበራሉ።

"አየሽኝ?" አለቻት። "ሁሉም እያዩኝ! ተቀመጥኩ እኮ!"

እናቴ ቲማቲሟን ጣለቻትና እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"አየሁሽ" አለቻት፣ "አየሁሽ፣ እታለም።"